በረዶውን ማን አየው? ከአዱሊስ ዙፋን እስከ ጮቄ ራስጌ

«የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የሚለውን መፈክር ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአገሪቱን የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ያደራጁት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ያወጡት ሐረግ ነው፤ የዘመን አቆጣጠራችንንና የአየር ጠባያችንን በአራት ቃላት አስሮ ለዓለም ያቀረበ፣ ብልሃት የሞላበት ሥራ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ ደርግ መጣና ሄደ፤ ኢሕአዴግ ገባ፤ ፀሐይዋ ግን ከግድግዳው ላይ አልወረደችም። እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» በሚለው እስክትተካ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አበራች።

ይህች ፀሐይ የሸፈነችው አንድ አገር አለ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጮቄ ተራራ ሽቅብ የሚወጣውን መንገድ የያዘ ሰው የስናን ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ሮብ ገበያን ያገኛል። ከዚያም በላይ ጤፍ የለም፤ ገብስ፣ እንግዶና ድንች ነው። ከገብሱም በላይ አስታና ጓሳ፣ ከጓሳውም መካከል እንደ ዘብ ቀጥ ብሎ የቆመ ጅብራ። ትምህርት ቤት ሳለን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለን ስንቆጥር ብዙዎቻችን የምንዘላት አራተኛዋ ቃል፣ ውርጭ፣ የምትገኘው እዚህ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር አካባቢ ጀምሮ ያለው ምድር በዚህ ስም ይጠራል። የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ባናውን ተከናንቦ፣ ደበሎውን ደርቦ የሚያድር ገበሬ የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር ዜጋ መሆኑን ቢነግሩት የሚስቅ ይመስለኛል።

ለዛሬ የማነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ በረዶ ይወርዳልን? በክረምት ጣራ የሚደበድበውን ጠጠር ማለቴ አይደለም፤ እንደ ባዘቶ ሆኖ ያለ ድምፅ የሚወርደውን፣ የአውሮፓና የአሜሪካ ሰዎች በመጋቢትና በሚያዝያ ሳይቀር እየተንሸራተቱ የሚጫወቱበትን ነጩን ነገር ማለቴ ነው። ጥያቄው ከሺህ ስድስት መቶ ዓመታት በላይ ሲነሣና ሲወድቅ የኖረ ነው፤ የተነሣበትና የወደቀበት መንገድም ስለ በረዶው ከሚነግረን ይልቅ ስለ ራሳችን የሚነግረን ይበልጣል።

የመጀመሪያው ምስክር ድንጋይ ነው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ አፄ ካሌብ ወደ ሒምያር ለመዝመት በሚዘጋጁበት ወቅት፣ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ ነበር። ዛሬ በኤርትራ ዙላ ከምትባለው መንደር አጠገብ ማለት ነው። በከተማይቱ መግቢያ ከነጭ እብነ በረድ የተሠራ ዙፋን፣ ከኋላውም አንድ ጥቁር ሐውልት ነበር፤ ሁለቱም በግሪክኛ የተጻፈባቸው። ንጉሡ የጽሑፉ ግልባጭ እንዲላክላቸው የአዱሊስን ገዥ አዘዙ፤ ገዥውም ኮስማስንና ሜናስ የተባለ ጓደኛውን ጠየቀ። ኮስማስ አንዱን ግልባጭ ለገዥው ሰጥቶ አንዱን ለራሱ አስቀረ። ዙፋኑም ሐውልቱም ጠፍተዋል፤ ዛሬ የምናነበው ኮስማስ በኋላ በመጽሐፉ ያስገባውን ግልባጭ ነው።

በዙፋኑ ላይ የሚናገረው የአክሱም ንጉሥ ስሙ አልተረፈም፤ የጽሑፉ መጀመሪያ ጎድሏል። ሊቃውንቱ ዘመኑን ከሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ ሦስተኛው ባለው ጊዜ ውስጥ ያደርጉታል። ንጉሡ ያስገበራቸውን ሕዝቦች አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ አጋሜን ይጠራል፤ ሌሎችንም ይጠራል፤ ከዚያም ስሜን ይደርሳል። ዓባይን ተሻግሮ (ተከዜን ማለቱ ነው) ለመድረስ በሚያስቸግሩ ተራሮች ላይ የሚኖሩትን የስሜን ሰዎች እንደ ወጋ ይናገራል። ተራሮቹ በበረዶ የተሸፈኑ፣ ዓመቱን ሙሉ ጠጠርና ውርጭ የማይለያቸው እንደ ሆኑ፣ በረዶውም ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰጥመው ይተርካል።

እስከ ጉልበት! ንጉሡ አጋንኖ ይሆናል፤ ድል ያደረገ ንጉሥ መቼም አያሳንስም። ነገር ግን ከሞቃቱ የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያነበው ዘንድ በተተከለ ዙፋን ላይ፣ በረዶን የሚያህል ነገር ከባዶ ሜዳ ፈጥሮ ያስቀርጻል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ወታደሮቹ ያዩትን ነው የጻፈው። አንባቢ ግን አንድ ነገር ልብ ይበልልኝ። በረዶው በታሪካችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው የጦር ሠራዊት እግር ስለ ነካ ነው። ከሠራዊቱ በፊትም ሲወርድ ነበር፤ ከሠራዊቱም በኋላ ወርዷል። የስሜን ሰዎች ስለ በረዶአቸው ምን ይሉ እንደ ነበር ድንጋዩ አይነግረንም። እነርሱ በዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ከተሸናፊዎች ተራ ነው።

ከዚህ በኋላ ብዙ ዘመን እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ የስሜንን ተራሮች አሻግሮ እያየ ጎንደር ገባ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ጎጃም ወርዶ ግሽ ዓባይ ምንጭ ላይ ቆመ። ብዙ ያየና ብዙ የጻፈ፣ በአገሩ ሰዎች ውሸታም ተብሎ የተሰደበ፣ በኋላም ብዙው ቃሉ እውነት ሆኖ የተገኘለት ሰው ነው። ስለ በረዶ ግን ቁርጥ ያለ ፍርድ ሰጠ፤ በዚህ አገር አመዳይ ከቶ ታይቶ አይታወቅም፣ በቋንቋቸውም ስም የለውም አለ።

የመጀመሪያው ፍርድ በዓይን ጉዳይ ነው፤ እርሱ ያለፈበት ወቅት ተራራው ደረቅ ከነበረ አላየሁም ማለቱ ነውር የለበትም። ሁለተኛው ግን የሚያስገርም ነው። ብሩስ ግእዝ ከሚያውቁ ሰዎች መካከል የከረመ፣ መጽሐፈ ሄኖክን ወደ አውሮፓ የወሰደ ሰው ነው። ዳዊት የደገመ ማንኛውም የቆሎ ተማሪ ለዚህ ነገር አንድ ሳይሆን ሦስት ቃል ሊሰጠው ይችል ነበር፤ በረድ፣ አስሐትያ፣ ሐመዳ። በመዝሙር 148 ፍጥረታት ሁሉ ምስጋና እንዲያቀርቡ ሲጠሩ እነዚህ ሦስቱ ከእሳትና ከዐውሎ ነፋስ ጋር ተሰልፈው ይገኛሉ። «ሐመዳ» ወደ አማርኛ «አመዳይ» ሆኖ ወርዷል፤ የኢሳይያስን የመጀመሪያ ምዕራፍ ወደ አማርኛ የመለሱ ሊቃውንትም የኃጢአትን መንጻት ሲተረጉሙ የመረጡት «አመዳይ»ን ነው።

ታዲያ ብሩስ እንዴት ሳተው? የኔ ግምት ይህ ነው። «በረድ» የሚለው ቃል በግእዙም ቢሆን ሁለት ሥራ ይሠራል። በየዕለቱ በሚደገመው በመዝሙር 50 ከእርሱ ይልቅ ነጭ ልሁን ተብሎ የሚለመንበት «በረድ» ጠጠሩ ሳይሆን ባዘቶው ነው። በአማርኛም እንዲሁ «በረዶ» ስንል ጠጠሩንም፣ ባዘቶውንም፣ ከማቀዝቀዣ የሚወጣውንም በአንድ ስም እንጠራለን። ብሩስ ጠያቂ ሆኖ «ይህ ምንድር ነው?» ሲል «በረዶ» ብለው ከመለሱለት፣ እርሱ የሚያውቀው በረዶ ደግሞ ጠጠሩ ብቻ ከሆነ፣ ሌላው ስም የለውም ብሎ ቢደመድም አይገርምም። ቃል አልጠፋም፤ ጠያቂና ተጠያቂ ግን ተላልፈዋል። (በስደት ያለው ወገናችን ዛሬ በዴንቨርና በሚኒያፖሊስ «እስኖው ጣለ» የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። «አመዳይ» ዳዊቱ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ቃል እንበደራለን።)

የብሩስ ፍርድ ግን መጽሐፍ ውስጥ ገባ፤ መጽሐፍ ውስጥ የገባ ነገር ደግሞ ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ያስወጣው ሄንሪ ሳልት ነው። ሳልት ብሩስን ማረም የማያስጠላው ሰው ነበር፤ በዚህ ጉዳይ ግን ቅናት ብቻ አልነበረም የመራው። እ.ኤ.አ. በ1805 አክሱም ሄዶ የንጉሥ ዔዛናን የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጧል። ያን ከአዱሊሱ ግልባጭ ጋር ሲያስተያይ፣ በዘመኑ ሊቃውንት ዘንድ የግብጹ ንጉሥ የጰጥሎሜዎስ ነው ሲባል የኖረው የዙፋኑ ጽሑፍ በእርግጥ የአክሱም ንጉሥ ቃል መሆኑን አስረዳ። ኮስማስ ሐውልቱንና ዙፋኑን እንደ አንድ ጽሑፍ አያይዞ ስላነበበ ነበር ስህተቱ የኖረው። እንግዲህ ሳልት በስሜን በረዶ አለ የሚለውን ቃል ለባለቤቱ የመለሰ ሰው ነው። ለሁለተኛ ጊዜ በመጣ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1810፣ ከተከዜ ወገን ሆኖ ወደ ስሜን ተመለከተና በበየዳና በአምባ ሐይ ጫፎች ላይ በረዶውን በዓይኑ አየ። ሚያዝያ መሆኑን ልብ ይሏል፤ የክረምቱ ዝናብ ገና ሳይገባ፣ በበልግ ማለት ነው። ከእርሱ በፊት በ1807 ናትናኤል ፒርስ የተባለ እንግሊዛዊ፣ የራስ ወልደ ሥላሴ ባለሟል የነበረ፣ በዚያው ተራራ ሲያልፍ በረዶው በላዩ ወርዶበታል። በ1832 ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል እንጨትቃብ ከርሞ የስሜንን ከፍታ ሲለካ ነገሩ ከክርክር ወጣ።

ይህ ዓይነቱ ክርክር የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1848፣ ዮሐንስ ሬብማን የተባለ ሚሲዮናዊ የኪሊማንጃሮን ነጭ ራስ አይቶ ሲጽፍ፣ ለንደን ተቀምጦ አፍሪካን በወረቀት የሚያጠናው ኩሊ የተባለ የጂኦግራፊ ሊቅ ተሳለቀበት፤ በምድር ወገብ አጠገብ እንዴት በረዶ ይሆናል አለ። በማግሥቱ ዓመት የኬንያን ተራራ በረዶ ያየው ጓደኛው ክራፕፍ ነው፤ ይህ ክራፕፍ ቀደም ሲል በሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የቆየው ነው። ሁለቱ ያዩትን ለማሳመን ዓመታት ፈጀባቸው። የተራራው ሰዎች ደግሞ የሚያሳምኑት ሰው አልነበራቸውም፤ የጠየቃቸውም አልነበረም።

ወደ በረዶው ባሕርይ ልመለስ፤ ምክንያቱም «ታዲያ በረዶ ካለ ለምን አይቆይም?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም።

ቅዝቃዜው በዓመት ተከፍሎ በሚመጣበት አገር በረዶ ይጠራቀማል። ከኅዳር እስከ የካቲት ይወርዳል፣ ይደራረባል፣ ይጠቀጠቃል። መጋቢትና ሚያዝያ ሲገባ ቀን ፀሐይ ታቀልጠዋለች፣ ሌሊት ብርዱ መልሶ ያጋግረዋል፤ ይህ ሲደጋገም ላዩ እንደ ቅንጬ ይፈረካከሳል። ስኪ በሚሉት የበረዶ ሸርተቴ የሚጫወቱ ሰዎች ይህን የወቅት መጨረሻ በረዶ በጣም ይወዱታል። ማለዳ እንደ ድንጋይ ጠጣር ነው፤ ረፋድ ላይ ላዩ ለስለስ ሲል ሰዓቱ ደረሰ ይላሉ፤ ከቀትር በኋላ ረግረግ ይሆንና ይተዉታል። ለዚህ ሁሉ ግን ከበታቹ የክረምቱ ክምችት ሊኖር ይገባል።

በኛ ተራሮች ነገሩ ሌላ ነው። ከወር እስከ ወር ካለው የሙቀት ልዩነት ይልቅ ከቀን እስከ ሌሊት ያለው ይበልጣል። ክረምታችን ሌሊት ይገባል፣ በጋችን ቀን ይወጣል። ደግሞም ብርዱና እርጥበቱ አይገናኙም፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ጠርቶ ውርጩ ሲያቃጥል ሰማዩ ባዶ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲዘንብ ደመናው ሌሊቱን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። ሁለቱ ለአፍታ ሲገናኙ፣ በበልግ ወይም በክረምቱ ዳር፣ ራስ ዳሸን ወይም ቧሂት ላይ አመዳይ ይወርዳል። ጮቄ ከራስ ዳሸን ከ400 ሜትር በላይ ስለሚያንስ በዚያ የሚበዛው ጠጠሩ ነው፤ ሲበረታ መስኩን እስኪያነጣው ድረስ ይከመራል። ከዚያ ፀሐይ ስትወጣ፣ ባሕር ማዶ ሦስት ወር የሚፈጀው ነገር በአንድ ረፋድ ያልቃል፤ ይጠጥራል፣ ይፈረካከሳል፣ ረግረግ ይሆናል፣ ወደ ጨሞጋና ወደ ሙጋ ወርዶ ወደ ዓባይ ይሄዳል።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በባሌና በአርሲ ተራሮች የተጠኑት ድንጋዮች እንደሚመሰክሩት፣ ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ በዚያ ከፍታ ላይ እውነተኛ የበረዶ ግግር ነበር፤ ድንጋዩን እየፋቀና እየገፋ ሸለቆ አበጅቷል። ያ ከቀለጠ በኋላ የቀረልን የአንድ ማለዳ በረዶ ነው።

ይህም ሆኖ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ አፍርተናል። ሮቤል ተክለማርያም በ1974 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ተወለደ፤ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ የ1980ው የክረምት ኦሎምፒክ በተካሄደበት በሌክ ፕላሲድ አካባቢ ተማረ፤ ስኪውንም እዚያ ለመደ። ኢትዮጵያ በበጋው ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ከተካፈለች ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2006 በቶሪኖ፣ ባንዲራችንን ይዞ ወደ ክረምቱ ኦሎምፒክ የገባ የመጀመሪያውና ብቸኛው ሰው ሆነ። በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ። በ2010 ቫንኩቨር ላይ ደግሞ 93ኛ። ለመለማመድ ወደ አገሩ ሲመጣ ባለ ጎማ ስኪ ተጫምቶ በአስፋልት ላይ ይንሸራተት ነበር። በሩጫ ወርቅ የለመደ ሕዝብ 83ኛን እንዴት እንደሚቀበል መገመት አያዳግትም። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱም «በረዶ የሌለው አገር» አለ። ከዚያ ወዲህ በ2014፣ በ2018ም ሆነ በ2022 የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያ አልታየችም። ሌሴቶ ግን፣ እንደኛው ተራራማ የሆነች ትንሽ አገር፣ የራሷን በረዶ በማሽን በሚሠራ በረዶ እየደገፈች የስኪ መዝናኛ ከፍታለች፤ ሞሮኮም ኡካይመደን የሚባል የቆየ መንሸራተቻ አላት።

ጮቄ ላይ የስኪ ሜዳ ይከፈት ማለቴ አይደለም። ሮቤልን ያነሣሁት «በረዶ የሌለው አገር» የሚለው ቃል ከብሩስ አፍ ወደ ኛ አፍ እንዴት እንደ ተሻገረ ለማሳየት ነው። ብሩስ አላየሁም አለ፤ እኛ ደግሞ የለንም አልን። በመሃል የቀረው ከበረዶው ሥር የሚኖረው ሰው ነው።

ለእርሱ በረዶ መጫወቻ አይደለም። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም፣ ገብሱ አሽቶ ዛላው ሲከብድ፣ ዘግይቶ የሚወርድ አንድ የበረዶ ዶፍ የዓመት ልፋትን በሩብ ሰዓት መሬት ላይ ያነጥፈዋል። ከእርሱ የተረፈውን ደግሞ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ይጠብቀዋል። በሰሜኑ ደጋ በብዙ ቦታ በበዓል ቀን ያረሰ ወይም ያጨደ ሰው በመንደሩ ሽማግሌዎች የሚቀጣው ለዚህ ነው። ጥፋቱ የራሱ ብቻ አይደለም፤ ቅዱሱ ተቆጥቶ በረዶውን ቢያወርድ የሚመታው የሁሉም ማሳ ነው። በረዶ በጸሎትና በአስማት እንዲመልሱ እህል የሚሰፈርላቸው ደብተሮችም ነበሩ። የተማረው ክፍል በዚህ ሲስቅ ኖሯል፤ በየሥርዓቱ የመጡ ካድሬዎችም ገበሬው በዓል አበዛ እያሉ ሲወቅሱት አይተናል። ከበረዶ ሌላ መድን ያመጣለት ግን አልነበረም። ቅጣቱ የመድን ውል ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለኝም፤ አረቦኑ የሚከፈለው በሥራ ቀን ነው።

መንግሥት ወደዚህ ሰው የመጣው መሬቱን ሊለካና ግብሩን ሊጥል ነው። ከነጻነት በኋላ የወጣው የመሬት ግብር ምድርን ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ብሎ በሦስት ከፈለ። በረዶ የሚመታው፣ ውርጭ የሚያቃጥለው የሚል አራተኛ ተራ አልነበረም። ቆላም ሆነ ውርጭ ጋሻ ጋሻ ነው። የጎጃም ገበሬ መሬቱን አላስለካም ብሎ ደጋግሞ አመፀ። በ1967 (እ.ኤ.አ.) የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣም፣ ገማች ማሳው ድረስ መጥቶ ምርቱን ሊገምት ነው ሲባል፣ ነገሩ ፈነዳ። በ1968 የጮቄን ግርጌ የከበቡት የሞጣ፣ የብቸናና የደብረ ማርቆስ አውራጃዎች ተነሡ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በመጨረሻ ግን ግብሩ ተተወ፣ አገረ ገዢውም ከጎጃም ተነሡ። የእኒህ ሰው ስም ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ነበር። ታሪክ አንዳንዴ ቀልድ ያውቃል።

ለአመፁ ምክንያቱ በረዶ ነው የምል የዋህ አይደለሁም፤ ርስት ነው፣ አስተዳደር ነው፣ ገበሬው በመንግሥት ላይ የነበረው ጥርጣሬ ነው። ነገር ግን የምርት ግምት ነሐሴ ላይ ሊሠራ የመጣ ገማችና መስከረም ላይ ምን ሊወርድ እንደሚችል የሚያውቅ ገበሬ በአንድ ማሳ ዳር ቆመው ሲነጋገሩ፣ በሁለት ቋንቋ እንደሚነጋገሩ ይታየኛል። ብሩስና ተጠያቂው እንደ ተላለፉት ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ እርሻው ወደ ላይ ወጥቷል። መሬት ሲጠብ፣ ልጅ ሲበዛ፣ ማረሻው ገብሱን ተከትሎ ጓሳውንና አስታውን እየገፋ ወጣ፤ በወጣ ቁጥርም ወደ በረዶው ቀረበ። ጅብራው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው፤ ማረሻ ያለፈበት መስክ በቶሎ አይመለስም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ ጎጃምንም አዳርሷል፤ ከአዱሊሱ ንጉሥ ዘመን ወዲህ እንደ ተለመደው፣ የደጋው ስም እንደገና ወደ ወሬ የገባው ከጦር ጋር ነው።

ስለ ደጋው የተጻፈውን ስናገላብጥ በአንድ ሰው ላይ ጥቂት እንቆይ። ቪልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ በ1837 መጣ፤ በደጃዝማች ውቤ ዘንድ ተወደደ፣ ሹመትም አገኘ፤ በስሜንና በትግራይ ዕፀዋት ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 አድዋ ላይ ሞተ። ሌሎቹ ተጓዦች በረዶውን አይተው መጽሐፍ ጻፉ። ይህ ሰው ግን ሰነበተ። ድንችን በ1858 ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እርሱ መሆኑ ይነገርለታል። የዘመኑ ሰው በቶሎ አልተቀበለውም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ነው ደጋው ሁሉ የወሰደው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገብስ ሀብቱን ከላይ፣ ዛላው ላይ ይዞ ሰማይን ይጋፈጣል፤ ድንች ከመሬት በታች ይደብቃል። በረዶ ቅጠሉን ቢዘለዝለው፣ ውርጭም ቢያጠቁረው፣ ምርቱ ያንሳል እንጂ ከሥር የሚቆፈር ነገር አይጠፋም። ዛሬ የስናን ገበሬ ረቡዕ ረቡዕ በአህያ ጭኖ ወደ ሮብ ገበያ የሚያወርደው እርሱን ነው። ገበያተኛው ግን ድንቹን ሲመርጥ ስለ ሺምፐር አያነሣም፤ የሚጠይቀው በረዶ ያገኘው ማሳ ወይስ ያላገኘው እንደ ሆነ ነው።